አልካፈል ያለው ቁጥር

እትዬ ይቆጠር የሚለውን ስም ያወጣላቸው የፋብሪካው ዘበኛ ነው። ሴትዮዋ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ የሚወጣ ወይም የሚገባ ነገር ባዩ ቁጥር፣ «እንዴት አደርክ» ከማለታቸው በፊት «ይቆጠር!» ይላሉ። ሻይ አቅራቢዋ ስኳር ስትጨምርላቸው እንኳ «ማንኪያው እንደገና ይቆጠር» ብለዋል እየተባለ ይወራል፤ ይሄኛው የዘበኛው ጭማሪ ሳይሆን አይቀርም። ስሙ ግን ተጣብቆባቸው ቀረ። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ከልጃቸውና ከደመወዝ ክፍሉ በቀር የሚያውቀው የለም።

ፋብሪካው ጓጉንቸር ቁልፍ ይሠራል፤ ከሻንጣ ቁልፍ ጀምሮ እስከ ትልቁ የመጋዘን በር ቁልፍ ድረስ። እትዬ ይቆጠር ገና ልጃገረድ ሳሉ ተቀጥረው፣ በመገጣጠሚያ ክፍል ከጓጉንቸሩ ሆድ የምትገባዋን ትንሽ ሞላ ሲገጥሙ ኖሩ። ሞላው በየጊዜው እየጎደለ አለቆቹን ግራ ሲያጋባ፣ ወሳጁን የደረሱበት እሳቸው ናቸው። ሰውዬው ሌላ አልነበረም፤ «ሌባ አለና ዕቃችሁን ጠብቁ» እያለ ጠዋት ጠዋት የሚመክራቸው የፈረቃው ኃላፊ ራሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የግምጃ ቤቱ ቁልፍ እሳቸው አንገት ላይ ነው፤ ከቀሚሳቸው ሥር አንጠልጥለውት ይውላሉ፣ አንጠልጥለውት ይተኛሉ።

ሰው አለማመንን ግን የተማሩት ከፋብሪካው ሳይሆን ከባላቸው ነው። ባልየው አንድ ቀን ምላጭ ልግዛ ብሎ እንደወጣ ቀረ። መቅረቱስ ይቅር፤ ሰው ከትዳሩ ጠፍቶ ያውቃል። እትዬ ይቆጠርን እስከ ዛሬ ሆዳቸውን የሚበላቸው፣ ከመጥፋቱ በፊት በነበረው ቀን «ማሰሪያው ተበጥሷል፣ ላሠራው» ብሎ ትልቁን ሻንጣ ተሸክሞ ሲወጣ በሩን ከፍተው የያዙለት እሳቸው መሆናቸው ነው። ጎንበስ ብሎ ሲያልፍ «ተባረኪ» ብሏቸዋል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚለውን ተረት ከዚያን ቀን በኋላ ለሌላ ሰው ሲተርቱት ተሰምተው አያውቁም፤ ለራሳቸው ብቻ ነው የሚሉት።

በሥራቸው ላይ አንድ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ መቁጠርን ይንቃሉ፤ ምላስ ትዘላለች፣ ዓይንም ታንቀላፋለች ባይ ናቸው። እሳቸው ይደረድራሉ። ጓጉንቸሮቹን እኩል እኩል በረድፍ ያስቀምጡና የረድፉን ብዛት በአንዱ ረድፍ ቁጥር ያባዛሉ። ጠርዙ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ከቆመ ንብረቱ አልተነካም ማለት ነው። ከጠርዙ አንዲት እንኳ ፈንጠር ብላ ከቀረች ግን እጅ ገብቶበታል። «ቁጥር እንደ ሰው ነው» ይላሉ፤ «ዘመድ የሌለው የለም። የሆነ ነገር ያካፍለዋል። በምንም አልካፈል ካለ፣ አንድ ነገር ደብቋል።» መገጣጠሚያ ክፍል ዕቃውን ሁልጊዜ በደርዘን በደርዘን ስለሚልክ፣ ከግምጃ ቤቱም የሚወጣው በደርዘን ስለሆነ፣ ይህ ሕጋቸው በሥራ ዘመናቸው ሁሉ አሳፍሯቸው አያውቅም። ብዙ ሰው ግን አሳፍሮላቸዋል።

አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። እሷ ያገባችው ሰው ዝምተኛ ነው፤ ዝም ማለቱ ሳያንስ ደግሞ ፈገግታ ያበዛል። ሲሰድቡትም ፈገግ፣ ሲያመሰግኑትም ፈገግ። እትዬ ይቆጠር ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ብለው ገና በሽምግልናው ቀን ፈርደውበታል። ሥራ ፈትቶ በነበረበት ጊዜ ልጃቸው ብትለማመጣቸው፣ በግምጃ ቤቱ ተሸካሚነት አስቀጠሩት። ለምን እንዳስቀጠሩት ዘበኛው ሲጠይቃቸው አልደበቁም፦ «ዓይኔ ሥር ይዋል ብዬ ነው።»

«እትዬ፣ ሌባ እናት ልጇን አታምንም ሲባል አልሰሙም?» አለ ዘበኛው እየሳቀ።

«እኔ ሌባ አይደለሁም» አሉት። «ልጄንም አላምንም።»

ሰውዬው ከዓይናቸው ሥር ዋለ። ሲያፏጭ፣ ምን አግኝቶ ነው? ዝም ሲል፣ ምን እያሰበ ነው? የምሳ ዕቃው ከባድ ከመሰላቸው ክዳኑን ከፍተው ያያሉ፤ ቀላል ከመሰላቸው ደግሞ ማታ ሲወጣ ምን ሊይዝበት ነው ብለው ይጨነቃሉ። ልጃቸው አርግዛ ሆዷ ሲገፋ ደስታቸው ወሰን አጣ፤ ግን ደስታውም ውስጥ ጥርጣሬ አልታጣም። አባት ሊሆን የደረሰ ሰው ብዙ ነገር ያምረዋል፣ የሚያምረው ሰው ደግሞ እጁ አያርፍም ብለው ጥበቃቸውን አጠበቁ።

የዓመቱ ቆጠራ ደረሰ። የቆጠራ ቀን ማሽኖቹ ዝም ይላሉ፣ ግምጃ ቤቱ ይዘጋል፤ ትልቁ የመጋዘን በር ጓጉንቸር ከየመደርደሪያው ወርዶ በሰፊው ወለል ላይ ይደረደራል። ሒሳብ ክፍል ምን ያህል መኖር እንዳለበት የሚያሳውቀው ከቆጠራው በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተነገረ ቆጣሪ ልቡ ያዘነብላል ይባላል። አማችየው በጠዋት ገብቶ ጠረገ፣ ከሁለት ተሸካሚዎች ጋር ሆኖ አወረደ፣ እትዬ ይቆጠር ደረደሩ። ከሰዓት በኋላ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት የያዙ ስምንት መቶ ሠላሳ አንድ ረድፎች ወለሉን ሞልተው ቆሙ። ከረድፎቹ ራቅ ብላ አንዲት ጓጉንቸር ብቻዋን ቀርታለች። ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሦስት።

ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ተረፈ ይል ነበር። እትዬ ይቆጠር አሥራ አንድ ጎደለ አሉ። ደርዘን ተከፍቶ አሥራ አንዱ ተወስዷል፣ ይቺን ደግሞ ሌባው በጥድፊያ ረስቷታል። ሁለቱን ተሸካሚዎች አስወጡና እንደገና ደረደሩ። ያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት፤ ሴትዮዋ ክፉ አይደሉም። የልጃቸው ሆድ ታያቸውና ሰውዬውን ነጻ የሚያወጣ ቁጥር መፈለግ ጀመሩ። ምናልባት መገጣጠሚያ ክፍል ትሪ አጥሮት በአሥር በአሥር ልኮ ይሆናል ብለው በአሥር ሞከሩት፤ ሦስት ተረፈ። በስምንት ሞከሩት፤ አምስት ተረፈ። በሰባት፣ በዘጠኝ፣ በአሥራ አንድ ሞከሩት፤ አንዱም እሺ አላለም። ቁጥሩ እንደ እልኸኛ በቅሎ በየት ቢጎትቱት አልነቃነቅ አለ። በመጨረሻ በአሥራ ሦስት ሲሞክሩት ሁለት ተረፈ፤ ያ ማለት ረድፉ እንዲሞላ አሥራ አንድ ያንሰዋል። አሥራ ሁለትም አሥራ አንድ ጎደለ አለ፣ አሥራ ሦስትም አሥራ አንድ ጎደለ አለ። የማይተዋወቁ ሁለት ምስክሮች አንድ ቃል ሰጡ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

አማችየውን ጠሩት።

«አሥራ አንዱን የት አደረስካቸው?»

«የትኛውን አሥራ አንድ?» ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደነበረ ቀረ፣ የሚሄድበት ያጣ መሰለ።

«የወሰድከውን ነዋ!»

«እኔ አልወሰድኩም እማማ።»

ጆሮው ቀላ። እትዬ ይቆጠር የጆሮውን መቅላት እንደ ሦስተኛ ምስክር ቆጠሩት። ለመምሪያው ኃላፊ ነገሩ፤ ኃላፊው የሒሳብ ክፍል ወረቀት እስኪመጣ ድረስ ሰውዬው ቤቱ ይቆይ አለ። ሲወጣ በር ላይ ፈተሹት። የፈረቃ መውጫ ሰዓት ስለነበር ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ ቆመ፤ ዘበኛው እያፈረ ኪሱን ገለበጠ፤ ከኪሱ መሐረብና የአውቶቡስ ትኬት ወጣ። እትዬ ይቆጠር ትኬቱን ተቀብለው ፊትና ጀርባውን አዩት።

አመሻሹ ላይ ልጃቸው መጣች። ደረጃውን እያረፈች እንደወጣችው ትንፋሿ ይናገራል። ተቀመጪ ቢሏት አልተቀመጠችም።

«ምን አደረግሽ እማዬ?»

«እኔ ምን አደረግኩ? ቁጥሩን ጠይቂው!» አሉና ሁሉንም ነገሯት፤ አሥራ ሁለቱን፣ አሥራ ሦስቱን፣ የጆሮውን መቅላት።

ልጅቷ የዳቦ ከረጢት ቀድዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና በእርሳስ ማካፈል ጀመረች። እትዬ ይቆጠር እጇን ይከታተላሉ፤ ለባሏ ብላ አንድ ቁጥር እንዳትዘል።

«ዘጠና ሰባትም አያካፍለውም» አለች በመጨረሻ። «አለቀ። ይሄ ብቸኛ ቁጥር ነው እማዬ። ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። በምን ብትደረድሪው ጠርዙ አይገጥምልሽም።»

«ለምን ዘጠና ሰባት ላይ አቆምሽ? ከመቶ በላይ አልሞከርሽ! ሌባ ራቅ ብሎ ነው የሚደበቅ።»

ልጅቷ ተናዳ ቢሆንም ማስተማር ልማዷ ነውና አልቻለችም፣ ከንፈሯ ላይ ሳቅ መጣ። «ከመቶ በላይ የተደበቀ ካለ ብቻውን አይደበቅም፣ ተባባሪ አለው። በአንድ ረድፍ ያለው ከመቶ ከበለጠ የረድፎቹ ብዛት ከመቶ ያንሳል፤ አለበለዚያ ድምሩ አሥር ሺህን ያልፋል። ተባባሪው ከመቶ በታች ከሆነ ደግሞ ይዘነው ነበር። አንድ በአንድ ፈትሸናል፣ የለም።»

ይሄ ለእትዬ ይቆጠር ገባቸው። ተባባሪ ያለበት ነገር ሁሉ ይገባቸዋል። ግን ልባቸው አላረፈም። «ታዲያ አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት እንዴት አንድ ቃል ተናገሩ?»

«ሳይመካከሩ። አሥራ ሁለት እየቆጠረ ይሄዳል፣ አሥራ ሦስትም እየቆጠረ ይሄዳል፤ በየመቶ ሃምሳ ስድስቱ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አራት ላይም ተገናኝተዋል። አንቺ አሥራ አንድ ቀርቶሽ ከዚያ በታች ቆመሽ ነበር፣ በቃ። እነሱ አሥራ አንድ ተሰረቀ አላሉሽም። አሥራ አንድ ይቀረናል ነው ያሉሽ።» ከረጢቱን ወደ እናቷ ገፋችው። «ከአሥር ሺህ በታች የመጨረሻው ብቸኛ ቁጥር ይሄ ነው። ወደ ላይ በሄድሽ ቁጥር እየሳሱ ይሄዳሉ፣ ግን አያልቁም። ምንም አልደበቁም እማዬ። አፈጣጠራቸው ነው።»

«አያልቁም? ማን ሄዶ አይቶ?»

«እማዬ!»

እትዬ ይቆጠር ከረጢቱን አገላብጠው አዩት። ሞኝ አይደሉም፤ ስንት ዘመን ከቁጥር ጋር የኖሩ ሴት ናቸው። ቀና አሉ። «እሺ፣ ይሁን። ብቸኛ ነው እንበል። ዕቃው ግን በደርዘን ነው የሚገባው። ሁለት ደርዘን ጨምሪ፣ ሺህ ደርዘን ጨምሪ፣ ብቸኛ ቁጥር ከደርዘን አይወለድም! አንድ እጅ ነክቶታል።»

ልጅቷ ከረጢቱ ላይ አሥራ ሁለት ብላ ጻፈችና መልሳ ሰረዘችው። እናቷ ልክ ናቸው። እትዬ ይቆጠር ስርዙን ሲያዩ ማሸነፋቸውን አወቁ፤ ደስ ግን አላላቸውም።

«ነክቶት ይሆናል» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «ማን እንደነካው፣ ምን እንዳደረገ ግን ቁጥሩ አልነገረሽም። እሱን ራስሽ ነሽ የጨመርሽበት። ባሌ ዛሬ ቤት እንደገባ እጁን ሲታጠብ ቆየ፤ ምን ሆንክ ስለው፣ ሲፈትሹኝ እጄ ላይ አቧራ ነበር፣ የሰረቅኩ መስሎ ይሆን? አለኝ።» ቦርሳዋን አነሣች። «ስሚኝ እማዬ። አባቱን ሌባ የምትል አያት ልጄን አታቅፍም። ቤታችንም እንዳትመጪ።»

ደረጃውን ስትወርድ እትዬ ይቆጠር ደግፈው ሊያወርዷት ተነሡ። ግን ከተነሡበት አልተንቀሳቀሱም። የልጃቸው ኮቴ እስኪጠፋ እዚያው ቆሙ። ፈሩ። ባላቸው የሄደ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልፈሩም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የሒሳብ ክፍል ወረቀት ሲመጣ ኃላፊው አስጠራቸው። ወረቀቱን እያየ ይስቃል።

«እትዬ፣ በሉ ደስ ይበልዎ። መኖር የነበረበት ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት ነው። ምንም አልጎደለም። እንዲያውም አንድ በልጧል!»

«በልጧል?» ቃሉን የማያውቁት ያህል ደገሙት።

«አንድ። ያቺ ከሁለት ዓመት በፊት ጠፋች ተብላ ከመዝገብ የተሰረዘችውና ደርዘኑን እንድትሞላ ምትክ የገባላት ሳትሆን አትቀርም። አማችዎ ይመለስ፣ ይኸው ነው።»

እትዬ ይቆጠር ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ያቺን ጓጉንቸር አልረሷትም። በሷ ምክንያት ከሥራ የወጣ አንድ ሽማግሌ ተሸካሚ ነበር፤ ያስወጡትም እሳቸው ናቸው። ሲፈተሽ ኮፍያውን ሳይቀር ነበር ያወለቀው። አሁን ቤቱ የት እንደሆነ ዘበኛውም አያውቅ፣ ደመወዝ ክፍሉም አያውቅ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለሽማግሌው ግን ሳይነጋለት ሄዷል። እትዬ ይቆጠር አፈሩ።

ከሥራ እንደወጡ በቀጥታ ወደ ልጃቸው ቤት ሄዱ። ኪራይ ቤት ነው፤ አንድ ክፍል ከፊቱ ጠባብ በረንዳ ያለው። አማችየው በረንዳው ላይ ልብስ እየጨመቀ ያሰጣል። ካሰጣው ሱሪ ላይ የጡብ አቧራ እድፍ አልለቀቀም፤ ጡብ ማምረቻ ጋ ጭነት ሥራ እንደጀመረ ሰምተዋል። ሲያያቸው እጁን ጠራረገና እንደ ወትሮው ፈገግ አለ።

«ይግቡ እማማ።»

«አልገባም፤ ልጄ እንዳትመጪ ብላኛለች። እዚሁ ሆኜ ልናገር። ምንም አልጎደለም። ይልቁንም አንድ በልጧል። በድዬሃለሁ። በሰው ፊት አዋርጄሃለሁ። ይቅር በለኝ።»

ልጃቸው ከውስጥ ሰምታ በሩ ላይ ቆመች። ሰውዬው የጨመቀውን ሸሚዝ እንደያዘ አሰበ፣ አሰበና ግንባሩን መታ።

«አንድ? እሷማ እኔ ያገኘኋት ናት! የዚያን ዕለት ጠዋት ስጠርግ ከታችኛው መደርደሪያ ጀርባ፣ ግድግዳው ሥር ወድቃ አቧራ ለብሳ። በእጅጌዬ ወልውዬ መደርደሪያው ላይ ከጓደኞቿ ጋር አስቀመጥኳት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አሥራ አንድ ሲሉኝ ደነገጥኩ፤ እሷ ትዝም አላለችኝ። ደግሞ ምን ወሰድክ ነው ያሉኝ እማማ። ምን ጨመርክ ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

እትዬ ይቆጠር የበረንዳውን ብረት ያዙ። ስንት ዘመን ሲቆጥሩ፣ ስንት ኪስ ሲያስገለብጡ፣ ሰው ከንብረት ላይ ይቀንሳል እንጂ ይጨምራል ብለው አስበው አያውቁም። ከደርዘን ብቸኛ ቁጥር አይወለድም ያሉት ልክ ነበሩ፤ አንድ እጅ ነክቶታል። ሀቀኛ እጅ ነበር የነካው።

ልጃቸው መጥታ ክንዳቸውን ያዘች። «ግቢ እማዬ፣ በር ላይ አትቁሚ» አለች፤ ገቡ። ወንበር ተሰጣቸው። ልጃቸው የእናቷን እጅ ወስዳ ሆዷ ላይ አሳረፈችው፤ ከውስጥ ሲገፋቸው እትዬ ይቆጠር አለቀሱ፣ ሳያፍሩ አለቀሱ።

እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ ወደ አማቻቸው ዞሩ። «ሰኞ ትመለሳለህ። ኃላፊው ፈቅዷል። ቁልፉንም ካስፈለገ አንተ ትይዘዋለህ» አሉና ከአንገታቸው ሊያወልቁት ገመዱን ሳቡ።

«አይ፣ ይቅር እማማ። አልመለስም።»

«ይቅር አላልከኝም ማለት ነው?»

«ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ከልቤ» አለ። «ግን ተመልሼ ስጠርግ ከመደርደሪያ ሥር የወደቀ ዕቃ ባይ፣ ሌባ እባላለሁ ብዬ ሁለተኛ አላነሣም። ራሴን አውቀዋለሁ፣ አላነሣም። እንደዚያ ዓይነት ሰው መሆን አልፈልግም።»

ሲናገር እንደ ልማዱ ፈገግ ብሎ ነው። እትዬ ይቆጠር ከዚያ ፈገግታ ጀርባ የተደበቀ ነገር ፈለጉ። ምንም የለም። ሰውዬው የሚላቸው እውነቱን ነበር።